አስታዋሽ፣ አንድ

ርእሰ መምህሩ «አስታዋሽ» ማለት ቀጠሮ የሚያስታውስ ሰው መስሏቸው ባይፈርሙ ኖሮ፣ የጸሐፊያቸው ታላቅ ወንድም ሥራ ባላገኘ ነበር።

ወንድሟ የቲያትር አስታዋሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው በሹክሹክታ ሲያቀብል ኖሯል። ይህን ሙያ አሳምሮ የሠራው ሰው መኖሩ አይታወቅም፤ በመጨረሻ የቲያትር ቡድኑም መኖሩን ዘነጋው። ተዋንያኑ ጆሮ ውስጥ የምትገባ ማዳመጫ ገዙና «እንጠራሃለን» ብለው ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ እህቱ ቤት ይውላል። ድስት ጥዳ ጨው ስትረሳ ከጀርባዋ «ጨው» ይላታል። ከዚህች ቃል በቀር ሌላ የማይወጣው ቀን እየበዛ ሲሄድ ጨነቃት። ሙያውን የተቀማ ሰው ቆሞ ይነቅዛል።

በዚህ መሃል ትምህርት ቤቱና ያው የቲያትር ቡድን «የወጣቶችን ባህላዊ ተደራሽነት ለማስፋት» አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ውሉን የምትተይበው እሷ ነበረች። ቡድኑ የሚልካቸው ባለሙያዎች ተዘርዝረዋል፤ የትወና አሠልጣኝ፣ የመድረክ ሠሪ፣ የመብራት ባለሙያ። ወንድሟ የለበትም። ጣቷ ሳያማክራት ከሥር አንድ መስመር ጨመረ፦ «አስታዋሽ፣ አንድ።»

የሚፈርመውን የሚያነብ ስለሌለ ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ። ያቺን መስመር ያዩት ርእሰ መምህሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ደስ አላቸው። ስብሰባ እየረሱ ስንቴ አፍረዋል።

እናም ወንድሟ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ጀርባ፣ ከኮት መስቀያው ሥር ወንበር ተሰጠው። «አራት ሰዓት፣ የወላጅ ኮሚቴ» ይላል በሹክሹክታ። መጀመሪያ ሰሞን ይደነግጡ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ግራ ጆሯቸውን ወደ በሩ ሳያዘነብሉ የእንግዳ ማዕረግ እንኳ መጥራት አቃታቸው፤ የሰሙትን እንደወረደ ይደግማሉ። ተማሪዎቹ «የርእሰ መምህሩ ኅሊና» የሚል ስም አወጡለት።

እህቱ ይሄ ነገር ከነከናት። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣

«ጋሼ፣ አዋረድኩህ እንዴ?» አለችው።

«ምን አዋረድሽኝ እቱ። ተዋናዩ ሰነፍ ሆነ እንጂ ሥራውስ ያው ነው።» ትንሽ አኘከና፣ «ብቻ አንዴ፣ ከመሞቴ በፊት፣ መጋረጃ ባገኝ» አለ።

መጋረጃው ተገኘ። ተማሪዎቹ ያጠኑት ተውኔት የሚታይበት ቀን ርእሰ መምህሩ ለንግግራቸው እንዲያግዛቸው ከመድረኩ ጀርባ አስቀመጡት። አዳራሹ ከትምህርት ቢሮ በመጡ እንግዶች፣ በእንግዶች አጃቢዎችና በፎቶ አንሺዎች ጢም ብሎ ሞላ። ለተማሪዎቹ ወንበር አልተረፈም፤ ትርኢቱን በመስኮት እንዲከታተሉ ተመቻችቶላቸዋል። አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው ቆሙ።

ርእሰ መምህሩ ወጡ። «ዛሬ ጥበብ ለወጣቱ ተደራሽ የሆነችበት...» አሉና ጠፋቸው። ግራ ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አዘነበሉ።

በጎን በር የቆመችው እህቱ ወንድሟን ታየዋለች። ራሷ የተየበችው ንግግር ጭኑ ላይ ነው። አጠፈው። ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ወጣቱ ግን ውጭ ቆሟል» አሉ ርእሰ መምህሩ በሙሉ ድምፃቸው። «በሩ ይከፈትለት።»

ከሁሉ ይበልጥ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። ምን ያድርጉ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ዘበኛው በሩን ከፈተ። ልጆቹ እንደ ጎርፍ ገብተው መሬት ላይ፣ በእንግዶቹ ጫማ መካከል ተቀመጡ። በተውኔቱ አራት ልጆች ቃል ጠፋባቸው፤ ለአራቱም አቀበለ። አንዷማ በደንብ ስላልሰማችው ወደ መጋረጃው ዞራ «ምን አሉኝ?» ብላ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰችው። አስታዋሹ የዚያን ቀን እቤት እስኪደርስ ሲያወራ ነበር።

በወጣው ሪፖርት ርእሰ መምህሩ «ደፋርና ባለ ራእይ» ተባሉ። ስለ መጋረጃው ጀርባ የተጻፈ ነገር የለም።

በዓመቱ፣ በሩ ጀርባ እንደተቀመጠ፣ ማንንም ሳይረብሽ ልቡ ቆመ። የዚያን ቀን ርእሰ መምህሩ ሁለት ስብሰባ አለፋቸው፤ መሞቱም የታወቀው በዚሁ ነው።

ቀብሩ ላይ ንግግር አደረጉ። «ለተደራሽነት ታላቅ አስተዋጽኦ ያበረከተው፣ የምንወደውና ከቶ የማንረሳው ባልደረባችን...» አሉና ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ግራ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዘነበሉ።

ከኋላቸው የቆመችው እህቱ ነበረች። ብትተዋቸው ማን ይፈርድባታል? ግን ሰው ከነስሙ ይቀበር። ጠጋ ብላ የወንድሟን ስም ከነአባቱ በሹክሹክታ አቀበለቻቸው።

አሳምረው ተናገሩት።