ለምጹ የጠፋበት ፎቶግራፍ

ቆንጅት የፎቶ ቤቷን በር ልትቆልፍ ስትጣደፍ እዚያው ሰፈር ተሳፋሪ የሚጭነው የኑሀ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ተገኙ?" አለችው፣ ገና ሳይወርድ።

"አልተገኙም። እስከ ሮቢት ሄጃለሁ። ፎቶውን ያላሳየሁት ሰው የለም፤ ሁሉም አላየናቸውም ነው የሚለው።"

አባቷ አቶ አላምረው ከቤት የጠፉት ዛሬ ማለዳ ነው። የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከግቢ ብቻቸውን አይወጡም ነበር። ቆንጅት ኮምፒውተሯ ውስጥ ያገኘችውን ፎቶግራፋቸውን የአካባቢው ሰው በሚጠቀምበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች በጥቁር ደመና ተሸፍነዋል። ቆቦ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ከዘነበ፣ ደረቁ ወንዝ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከብቱንም ሰውንም ጠርጎ እንደሚወስድ የራያ ሰው ሁሉ ያውቃል።

"አንድም ሽማግሌ አላየህም?"

"ሽማግሌማ ሞልቷል። ከሮቢት ወዲህ፣ ከድልድዩ ሥር፣ አሸዋውን ይዘው ቁልቁል የሚሄዱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ብጣራ ዞር ብለው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከፎቶው ጋር አስተያየኋቸው፤ አይደሉም። ጸጉራቸው ጥጥ ነው። ደግሞ ለምጽ አለባቸው፤ ከአገጫቸው እስከ አንገታቸው ነጭ ነው።"

ቆንጅት የበሩን መቃን ያዘች።

"መቼ ነው ያየሃቸው?"

"ሰዓት አይሞላም። ምነው?"

"አባቴ ናቸው፣ ኑሀ።"

ኑሀ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ደግሞ አየው። "ኧረ ቆንጅዬ! እኚህንማ ሙሽራ ናቸው ብትይኝ ነው የማምነው!" ካለ በኋላ ፊቷን አይቶ ደነገጠ። "አብሽሪ፣ አብሽሪ። ወላሂ አላወቅሁም፤ አባትሽን በአካል አይቼ አላውቅም። ባጃጅ ደግሞ አሸዋው ውስጥ አይገባም፤ ቶሎ የሚደርስላቸው ወንዙ ዳር ያለ ሰው ነው።"

ፎቶውን ያነሣቻቸው በሰኔ ነበር። ታናሽ ወንድሟ በረከት ከጎብዬ ከተማ ልጅ አጭቶ፣ የልጅቷ ቤተሰብ በሕመም ምክንያት ለሽምግልናው ያልመጡትን አባት በፎቶም ቢሆን ለማየት ጠየቀ። ለምጽ በዘር ይወርዳል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቆንጅት ለማንኛውም ደንበኛ የምታደርገውን አደረገች፤ ከጉንጫቸው ቆዳ ቀድታ ነጩን ሸፈነች፣ ብርሃን ጨመረች፣ ሽበቱን አጠቆረች። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዋናውን ፎቶ ለብቻው ሳታስቀር ያሳመረችውን በላዩ ላይ ስላስቀመጠችው ዋናው ጠፋ። ዛሬ ማለዳም ያንኑ ስትልክ ምንም አልከበዳትም፤ ሐሰትን አስቀድሞ የሚያምነው የሠራው ሰው ነውና።

ተመልሳ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሌላ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ስላልነበራት የሸፈነችውን በዚያው መሣሪያ መልሳ መግለጥ ነበረባት። ጸጉሩን አነጣች፤ ከዚያ ነጩን ቀለም ይዛ ከአገጩ ጀመረች። ጉንጩ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ለምጹ እስከ ጆሯቸው ይደርስ ነበር ወይስ አይደርስም? ይህን ፊት ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያጠበችው እርሷ ነበረች።

"ከጆሯቸው ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው" አለ ኑሀ ከኋላዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በዚህ መካከል በረከት ደወለ። የምታደርገውን ስትነግረው ጮኸ።

"ግሩፑ ላይ እንዳትለቂው! የልጅቷ አጎቶች ሁሉ እዚያ አሉ። ለሚፈልጓቸው ባጃጅ ነጂዎች ብቻ ላኪው።"

"ባጃጆቹ አስፋልት ላይ ናቸው። ወንዙ ዳር ያሉት ገበሬዎቹ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ግሩፑን ነው የሚያዩት።"

"ሠርጉ ለጥቅምት ነው እኮ! እኔን ገደል መክተትሽ ነው?"

"አባባ ወንዝ ውስጥ ናቸው፣ በረከት።"

ከተራሮቹ በኩል ነጎድጓድ አጉረመረመ። ኑሀ ወደ በሩ ሄዶ ሰማዩን አየና "ደጋው ጀምሯል፤ ቶሎ በይ" አለ።

"እሺ፣ ላኪው" አለ በረከት በመጨረሻ፣ ልመና በተቀላቀለበት ድምፅ። "ግን ለምጽ ብለሽ አትጻፊ። በልጅነታቸው የደረሰባቸው የእሳት ጠባሳ ነው በይ። ለሚፈልጋቸው ሰው ምን ለውጥ ያመጣል? በሞቴ፣ እህቴ።"

ቆንጅት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ለሚፈልጋቸው ሰው በእርግጥ ለውጥ አያመጣም ነበር፤ ቃሉም ጣቷ ሥር ቀርቦላታል። ነገር ግን በሰኔም እንዲሁ ቀላል ነበር። የቀድሞውን ፎቶ ከግሩፑ ሰረዘች። ከአዲሱ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ቀድሞ የላክሁት እኔ ያሳመርሁት ነው። የአባቴ መልክ ይህ ነው። ከሮቢት ወዲህ ባለው ወንዝ ውስጥ ቁልቁል እየሄዱ ነው። ደጋው እየዘነበ ስለሆነ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አውጡልኝ።"

የጻፈችውን አንድ ጊዜ ደግማ አነበበች። ከዚያም "ለምጽ አለባቸው" የሚል ጨምራ ላከችው።