የመስኮቱ ወገን

ሚኒባሱ የባሮን ድልድይ ተሻግሮ የአቦቦን መንገድ ሲይዝ፣ ነጅሚያ በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች እያገላበጠች የትናንቱን ሪፖርት ልትጽፍ ነበር። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ጣቷ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። እንደገና ሁለተኛውን አየችው።

የነጅሚያ ሥራ አርማታ ከመበሳቱ በፊት ውስጡን መፈተሽ ነው። ካውያ የምታክል፣ ጎማ ያላት ስካነር አለቻት፤ እሷን እየነዳች ፌሮው፣ አርማታውን የሚይዘው ብረት፣ የት እንዳለ፣ የመብራት መስመሩ የት እንዳለፈ ትለያለች። ከዚያ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ጋትኬክ ይበሳል። ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ጋትኬክ እሷ ባሰመረችው ላይ ጥያቄ አንስቶ አያውቅም።

ትናንት ሥራቸው በአንድ የግል ክሊኒክ የኦክስጅን ቱቦ ወደ ፎቅ የሚያልፍበትን ቦታ መምረጥ ነበር። የላይኛው ክፍል እስከ ማታ ሕመምተኞች ስለነበሩበት ሶሌታውን፣ የፎቁን ወለል፣ የፈተሸችው ከሥር፣ መሰላል ላይ ቆማ ነው። የመብራት መስመሩን አገኘችው። ለምልክት እንዲሆናት ጋትኬክ ከታች እስከ ላይ የምታልፍ ቀጭን ቀዳዳ በሳላት። መስመሩ ከቀዳዳዋ በስተግራ አንድ ስንዝር ላይ ነበር። ማታ ክፍሉ ሲለቀቅ ወደ ላይ ወጥታ፣ ከቀዳዳዋ በስተቀኝ ክብ ሠርታ፣ "እዚህ ብሳ" አለችው።

የሁለቱም ክፍል መስኮት በአንድ ወገን ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ፣ ታች ስትሠራ፣ መስኮቱ በግራዋ ነበር። ሁለተኛው ላይ መስኮቱ በቀኟ ነው። ላይ ስትወጣ ፊቷን አዙራ ቆማ ነበር። ግራዋን ከራሷ ጋር ይዛው ዞራለች። የሠራችው ክብ ልክ መስመሩ ላይ ነው።

የመብሻው ማሽን ደግሞ በውኃ እየቀዘቀዘ ነው የሚሠራው። ጋትኬክ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚበሳው። የክትባት ማቀዝቀዣው በዚያው መስመር ስለሆነ፣ "መብራት ማጥፋት አያስፈልግም" ብላ የጻፈችው ራሷ ናት።

ሰዓቷን አየች። ለሦስት አሥር ጉዳይ ይላል። ጋትኬክ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል።

"ወራጅ! ወራጅ አለ!"

"እዚህ ጫካ መሀል?" አለ ረዳቱ።

"አውርደኝ አልኩህ!"

መንገድ ዳር ቆማ ጋትኬክ ጋ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ሥራውን የሚቆጣጠረው ኢንጂነር ዘውዱ ጋ ደወለች፤ እሱም አያነሳም። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ። ወደ ከተማ የሚመለስ ሞተር ብስክሌት መጣና እጇን ዘርግታ ፊቱ ገባችበት።

"ወንድሜ፣ ክሊኒክ አድርሰኝ።"

"ታመሻል እንዴ?"

"አልታመምኩም። ንዳ ብቻ፣ በአላህ!"

ሞተሩ ድልድዩን ሲሻገር ሴቶች ከታች ልብስ ያጥባሉ፤ ሁሉም ነገር እንደ ሌላው ቀን ነው። የጋትኬክ ሚስት ኛሪየክ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ነጅሚያ ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄዳ ሕፃኗን አቅፋት ነበር። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ፊቴን አዙሬ ነው ልበላት?

የክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ የማሽኑ ጩኸት ይሰማል። ወደ ላይ ሮጠች። የደረጃው ግማሽ ላይ ስትደርስ ጩኸቱ ቀጥ አለ።

"ጋትኬክ!"

የቀረውን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ጋትኬክ ጎንበስ ብሎ የውኃውን ጣሳ እየፈተሸ ነበር። የጆሮ መከላከያውን አወለቀ።

"ውኃ አለቀ። በጀሪካን ላኩልኝ ብያቸዋለሁ" አለ። "አንቺ አቦቦ አልሄድሽም?"

ነጅሚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ ስካነሯን ከቦርሳዋ አወጣች። የወለሉ ሴራሚክ ላይ ሁለት ጣት ያህል የጠለቀ ክብ ተቆርጧል። ስካነሯን ከአጠገቡ ነዳቻት፤ ጮኸች። ከማዶው ነዳቻት፤ ጮኸች። መስመሩ ክቡን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል።

ጋትኬክ ጠመኔውን አየ፣ ቀጥሎ የቆመበትን ውኃ አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ማታ ንጹሕ ነው አልሽኝ።"

"ተሳስቼ ነው። ፊቴን አዙሬ አሰመርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋትኬክ ጓንቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው ኢንጂነር ዘውዱ ነገሩን ሲረዳ በሩን መለስ አደረገ።

"እግዚአብሔር ጠብቆናል፤ አልቋል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አዲስ ቦታ አሰምሪለት። ሪፖርቱ ላይ ግን እንዳትጽፊው። ይሄ ወሬ ከወጣ ነገ ማን ሥራ ይሰጥሻል?"

"ማክሰኞ እዚሁ ፎቅ ሦስተኛ ክፍል የበሳናቸው ቀዳዳዎችስ፣ ኢንጂነር?"

"እነሱማ አለቁ! ምን ሆኑ?"

ማክሰኞም ከሥር ነበር የፈተሸችው። የቱን ፊት ይዛ እንደቆመች ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። አንደኛውን ሲበሱ ጋትኬክ፣ "ብረት ሳንቆርጥ አልቀረንም" ብሏት ነበር። "ትንሽ ነገር ይሆናል" ብላ አልፋዋለች። ሶሌታውን የተሸከመው ዋናው ፌሮ ተቆርጦ እንደሆነስ? እዚያ ክፍል አሁን አራት አልጋ አለ።

"የክሊኒኩን ኃላፊዎች ቢሯቸው ሄጄ ነው የምነግራቸው" አለች።

"አንቺ ልጅ፣ የእንጀራሽ ነገር ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

ጋትኬክ ጓንቱን ሳያነሳ ተከትሏት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ሲስተር እሙዬ መድኃኒት የያዘ ትሪ ተሸክማ ስትመጣ አገኟት።

"ሲስተር፣ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ሕመምተኞች አሁኑኑ ወደ ታች እናውርዳቸው።"

"ለምን? ምን ተገኘ?"

"ገና አላየሁትም። ግን እዚያም ያሰመርኩት እኔ ነኝ" አለች ነጅሚያ፤ ክፍሉ ገብታም የመጀመሪያውን አልጋ ጫፍ ያዘች።