ለጄማ ሠርግ የተመረጠው ብቅል

ክላይቭና ትሬቨር እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ገጠር አጥር ለአጥር ተዋስነው ሲኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተስማሙበት ነገር ቢኖር ብቅል ነው። ሁለቱም ቢራቸውን ጓሮ ባለች ክፍል ራሳቸው ይጠምቃሉ። ክላይቭ ማሪስ ኦተር ከሚባለው የድሮ ገብስ፣ ያውም ወለል ላይ ተሰጥቶ በአካፋ እየተገላበጠ ከበቀለው በስተቀር ሌላ ብቅል ደጁ አያደርስም። ትሬቨር ሁልጊዜ ርካሹን ይገዛል። ክላይቭ የትሬቨርን ቢራ "የሳህን እጣቢ" ይለዋል፤ ይለዋል እንጂ ሁለተኛ ብርጭቆ እምቢ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ትሬቨር በአጥሩ በኩል ጠራው።

"ጄማ በነሐሴ ልታገባ ነው" አለ። ጄማ አንድያ ልጁ ናት።

"እሰይ! ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?"

"ቢራውን አባዬ ካልጠመቀው ብላለች።" ትሬቨር ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዟዙር ጀመር። "በገና ሰሞን ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ አፌ ሞቷል፣ ክላይቭ። ሽታ የለ፣ ጣዕም የለ። ሽንኩርትና ፖም አልለይም። ለማንም አልተናገርኩም።"

ክላይቭ ወደ አጥሩ ጠጋ አለ።

"ብቅሉን አንተ ምረጥልኝ" አለ ትሬቨር። "የራስህን፣ ጥሩውን። ያንተ እንደሚበልጥ ድሮም አውቃለሁ፤ እልህ ይዞኝ ነው። ልጄን ሰው ፊት እንዳላሳፍራት።"

ክላይቭ ይህን ለመስማት ሠላሳ ዓመት ጠብቋል። ሲሰማው ግን ቅንጣት ደስ አላለውም።

ሰኞ ብቅል መሸጫው ሄደ። ሳይቆረጥም አይገዛም። ከማሪስ ኦተሩ ጥቂት ዘግኖ ቆረጠመ፤ ከሽ አለና ብስኩት ብስኩት አለው። ሻጯን መዝኚ ሊላት ሲል ዐይኑ ጥግ ወዳለው፣ ትሬቨር ወደሚገዛው የርካሹ ብቅል ከረጢት ሄደ። እስቲ ብሎ ከዚያም ቀመሰ። ቀለል ያለ ነው፣ ጭድ ጭድ ይላል። ወዲያው የትሬቨር ጓሮ መጣበት። ጄማ በልጅነቷ በርሜሉ ሥር ቁጭ ብላ ይህንኑ ብቅል እንደ ቆሎ ስትቆረጥም፣ አድጋም የመጀመሪያ ብርጭቆዋን ከአባቷ እጅ ስትቀበል ታየችው። ልጅቷ የጠየቀችው እኮ የአባቷን ቢራ ነው።

"እንደ ወትሮው ልመዝን?" አለች ሻጯ።

"አይ፣ ያንን።"

"እርስዎ? ያንን? ደህና ነዎት?"

"ዝም ብለሽ መዝኚ። ለሰው እንዳትናገሪ ደግሞ፣ ስሜ ይጠፋል።"

ብቅሉን ሲያመጣለት ትሬቨር አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ጨመረ። "ከሽ ይላል፣ በደንብ ደርቋል" አለ። ከዚያ በላይ መለየት አልቻለም። "ያንተው ነው አይደል?"

"ጥሩው ነው" አለ ክላይቭ።

አብረው ጠመቁት። ክላይቭ ግን እስከ ሠርጉ ድረስ ራሱን ሲጠይቅ ሰነበተ። ቢያሳፍራቸውስ? ደግሞስ አፉ የሞተበትን ወዳጅ ማታለል ምን ይባላል?

የሠርጉ ቀን ትሬቨር የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሱ ቀድቶ ለሙሽራዋ ሰጣት። ጄማ ጎንጨት አለች። ዐይኗ እንባ አቀረረ።

"ምነው? ተበላሸ እንዴ?" አለ ትሬቨር ደንግጦ።

"ኧረ አባዬ፣ ያው ያንተው ነው! ጋሼ ክላይቭ አብሮህ ሲጠምቅ የራሱን ብቅል ይጨምርብኛል ብዬ እንዴት ፈርቼ ነበር መሰለህ!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ትሬቨር በትከሻዋ በኩል ክላይቭን አተኩሮ አየው።

"የሳህን እጣቢ ነው ስትል አልነበር?" አለው በኋላ፣ ሁለቱ ብቻ በርሜሉ አጠገብ ሲቀሩ።

"አሁንም ነው። ቅዳልኝ።"

ትሬቨር ለሁለቱም ቀዳ። የራሱን ብርጭቆ ይዞ አልጠጣም።

"ምን ምን ይላል? ንገረኝ" አለው።

ክላይቭ ተጎነጨ። "ጭድ ጭድ ይላል" አለ። "መጨረሻው ላይ ትንሽ ማር አለው። ጓሮህን ጓሮህን ይላል።"

ትሬቨር ዐይኑን ጨፍኖ ጠጣ።

"አዎ" አለ። "እሱ ነው።"