የዲሪርሳ ሸሚዝ

ማሪቱ ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ የልጇ የላሊሴ ጣቶች እጇ ከታሰረበት ቀርከሃ ጫፍ ወጥተው፣ አብጠውና ጠቁረው አየች። አንዱን ጫን አለችው። በረዶ ነው።

"ስነካሽ ይሰማሻል?"

"የቱ ጋ?" አለች ልጅቷ።

ከጓሮ የሽንኩርት ሽታና የሴቶች ጫጫታ ይመጣል። ዛሬ የባሏ የዲሪርሳ አርባ ነው። ቄሶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንኳን ሙሉ ሰው ይበላል። ትናንት ከሰዓት የስድስት ዓመቷ ላሊሴ የእድሩ አግዳሚዎች ክምር ላይ ወጥታ ስትጫወት ወደቀችና የግራ እጇን አንጓ አመማት። እብጠቱ ትንሽ ነበር። ማሪቱ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ስትል ቤቱ ሁሉ ሳቀባት።

"የወጌሻ ቤት ተቀምጠሽ?" አለቻት የባሏ እህት ደራርቱ። "ሰው ከተፍኪ ድረስ ታክሲ እየተሳፈረ አባባ ዘንድ ይመጣል፤ አንቺ ከዚህ ትሄጃለሽ?"

እውነቷን ነው። አማቷ ኦቦ ዋቆ ያላሹት እግር፣ ያልመለሱት ትከሻ በገፈርሳ ዙሪያ የለም። የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው "አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ" እያሉ በቅቤ አሹላት። የቀርከሃውን ስንጥር አንጓዋ ዙሪያ ደረደሩ። ማሰሪያ ሲታጣ ራሳቸው ተነስተው ከሳጥን የዲሪርሳን ሸሚዝ አወጡ፤ ለላሊሴ ክርስትና የለበሰውን፣ ሰማያዊ መስመር ያለውን። በጥርሳቸው ይዘው ቀደዱት። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

"አባትሽ ይያዝሽ" አሉና እያለቀሱ አጠበቁት። ሐዘንተኛ እጅ ልኩን እንደማያውቅ ያን ሰዓት ማንም አላሰበም።

ልጅቷ ስታቃስት አደረች። ማሪቱ ቋጠሮውን ልታላላ እጇን ደጋግማ ሰድዳ ነበር። ጨርቁ ግን ገና የዲሪርሳን ጠረን ይዟል። መፍታት አቃታት።

አሁን ልጅቷን ታቅፋ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

"አባባ፣ እጇ ጠቁሯል። ይፍቱላት።"

ኦቦ ዋቆ ጣቶቹን ሳይነኩ አዩ። "እብጠት ነው፣ ይበርዳል። ዛሬ ከተፈታ ጠማማ ሆኖ ይቀራል።"

"አይሰማትም እኮ!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ያያል። ዛሬን እንኳ ለልጄ ተዪለት።"

ደራርቱ ክንዷን ያዘቻት። "የባልሽን ተዝካር ጥለሽ ልትሄጂ ነው? ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል።"

ማሪቱ ሽንኩርት ከሚከትፉት ሴቶች ቢላ ነጥቃ ስለቱን ወደ ላይ አዞረች፤ ከቋጠሮው ሥር አስገብታ ሳበችው። ሸሚዙ ተበጠሰ፤ ቀርከሃው መሬት ላይ ተበተነ።

"ኤዲያ! ምን ያለች ናት!" አለች አንዷ።

ላሊሴ መጀመሪያ ዝም አለች። ደሙ ሲመለስ ጩኸቷ ድንኳኑን ሞላው። ማሪቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ አስፋልቱ ሮጣ ባጃጅ አስቆመች። ሊነሳ ሲል ኦቦ ዋቆ ደርሰው ከጎኗ ተቀመጡ።

ጤና ጣቢያው አልተቀበላቸውም፤ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ወጣቷ ሐኪም ራጁን አንስታ ብርሃን ላይ ያዘችው።

"አጥንቷ ትንሽ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው። ደግፋችሁ ብትይዙት ይድን ነበር። የጎዳት እስራቱ ነው።" የላሊሴን ጣቶች አንድ በአንድ ጫን ጫን አለች፤ ሁለቱ እንደጠቆሩ ናቸው። "አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። እንደ ድሮው ይሆናሉ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ማን ነው ያሰረው?"

ማሪቱ ኦቦ ዋቆ እስኪናገሩ ጠበቀች። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ያያሉ። እጆቻቸው ጋቢ ውስጥ ናቸው።

"እየጠየቅኩ እኮ ነው" አለች ሐኪሟ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሥዕሉ አላነሱም። ልጃቸውን ከቀበሩ ገና አርባ ቀናቸው ነው።

"እኔ ነኝ" አለች ማሪቱ።

"እናት ሆነሽ? እያቃሰተች እየሰማሽ አሳደርሻት?"

"አዎ።"

ይህኛው እውነት ነበር።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም አሏቸው። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ኦቦ ዋቆ እጆቻቸውን ከጋቢው አወጡ። አሁንም ቅቤ ይሸታሉ።

"አምጪያት ልጄ፣ እኔ ልሸከማት። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።"

ላሊሴ ደህናውን እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች።

ማሪቱ የተዘረጋውን እጅ መልሳ አንገቷ ላይ አስጠመጠመችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።