መምሬ የቀቡት መስታወት

መምሬ ሠረቀብርሃን በዕድሜያቸው ያልባረኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማሳ ባርከዋል፣ የውኃ ጉድጓድ ባርከዋል፣ አንድ ጊዜም የሚኒባስ ጎማ ባርከዋል። ሞተር ግን ደርሷቸው አያውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ከአንኮበር ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ሲገቡ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ እሳቸው ግን ጭራሽ አልተሰማቸውም። ልጃቸው ማኅደረማርያም ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ሞተር ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ይፈተናል። ከተነሣ ሥራዋ ይቀጥላል። ካልተነሣ ሞተሩ ተፈትቶ መጋዘን ይገባል፣ ክፍሉም ለሌላ ይሰጣል። ይህን በስልክ ስትነግራቸው ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ስለነበር ሌሊቱን ሲገላበጡ ነው ያደሩት።

«ይኸውልዎ አባባ፣ ሮታሪ ይባላል» አለቻቸው ወርክሾፑ ውስጥ እየዞረች። «እንደ ሌላው ሞተር ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ፒስተን የለውም። ይኼ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው እየዞረ የሚሠራው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«እሳቱ ነዋ! እሳቱን የሚጭረው ካንዴላ ወደ ውስጥ ብቅ ካለ የሚዞረው ብረት ይመታዋል። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ ተሸጉጦ ይቀመጣል። ከዚያ ጥግ ሲለኩስ ደግሞ እሳቱ ክፍሉን አያዳርስም፤ ቤንዚኑ ሳይነድ ያመልጣል። እኔ ካንዴላውን አውጥቼ በሌዘር ጨረር ተካሁት። ብርሃኑ በዚህች መስታወት አልፎ መሐል ክፍሉ ላይ ይለኩሳል።»

«ከደጅ ቆሞ መቅደስ ውስጥ ጧፍ እንደ ማብራት በይኛ!»

«እንዲያ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ዛሬ ከሚገመግሙኝ ዋናው ዶክተር ሰይፈሥላሴ ግን አላመኑም። መስታወቷ በጥላሸት ስትጋረድ ምን ሊውጥሽ ነው ይሉኛል። የሌዘሩን ኃይል ከፍ ሳደርገው ጥላሸቱን ራሱ ይጠርገዋል እላለሁ። እስቲ አሳዪኝ ይላሉ። በገዛ እጄ አቆሽሼ እንዳልሞክር ደግሞ ካልተሳካ ሞተሬን ራሴ ገደልኩት ማለት ነው። አልደፈርኩም።»

ይህን ብላ ገምጋሚዎቹን ልትቀበል ወጣች። መምሬ ብቻቸውን ቀሩ። ሌዘሩ የሚያልፍባት የጣት ርዝመት ያላት ቱቦ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድማለች። አባት አባት ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከኪሳቸው እምነት አወጡ፤ ከጠበል ቦታው ያመጡት፣ የሕሙማንን ግንባር የሚቀቡበት አመድ ነው። ግን የዚህች ግንባሯ የት ነው? አገላበጧት። ባለ መስታወቱ ጫፍ ግንባር መሰላቸው። አውራ ጣታቸውን ከያዙት የጠበል ጠርሙስ አስነክተው በእምነቱ መስቀል ሠሩባትና ምንም እንዳልነካ ሰው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ገምጋሚዎቹ ገቡ። ዶክተር ሰይፈሥላሴ ክችም ያለ ጎልማሳ ነው፤ ቢሆንም በመጀመሪያ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። ከዚያ ቀና ሲል ጥያቄውን እንደ በረዶ ያወርደው ጀመር። ማኅደረማርያም እየመለሰች፣ ዓይኗ ከእሱ ሳይነቀል፣ ቱቦዋን ቦታዋ ላይ አሰረቻት። ለሁሉም የሌዘር መነጽር ታደለ፤ መምሬም ከጥምጥማቸው ሥር አረንጓዴ መነጽር አጠለቁ።

«ሦስት ሙከራ ነው ያለሽ» አለ ዶክተሩ።

ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አጉረመረመና ዝም አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። ማኅደረማርያም ወደ ብርሃን መለኪያው ሮጠች።

«ብርሃኑ አያልፍም! መስታወቷ ተጋርዳለች። ኧረ ዛሬ ጠዋት ነው የጠረግኳት!»

መምሬ አውራ ጣታቸውን አዩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ተናዘዝ ልጄ፣ ይቀልልሃል» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ተነሡ። እፍረቱ ፊታቸውን አጋለው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። እምነት ቀባኋት።»

«እምነት? መስታወቷን?»

«ግንባሯ መስሎኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት አሳለ። ማኅደረማርያም አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። መምሬ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ የሁለት ዓመት ልፋቷን በአንድ አውራ ጣት አጠፉት።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ፈትተሽ ጥረጊያት፤ ሁለቱን አንቆጥርብሽም።»

መፍቻውን አነሣች። ልትፈታ ጎንበስ አለችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አልፈታትም ዶክተር። አሳዪኝ ሲሉኝ አልነበር? ይኸው ተጋርዳለች።»

«ካልሠራስ? ካልጠረግሻት ይህች የመጨረሻሽ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ።»

የሌዘሩን ኃይል ከፍ አደረገች። መጀመሪያ ሞተሩን ሳታዞር ብርሃኑን ብቻ ደጋግማ ላከችው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የመለኪያው ቁጥር አልነቃነቅ አለ። ቆይቶ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። ሞተሪኖውን ነካች።

ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ! ድምፁ ወርክሾፑን ሞላው፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። መምሬ «ስብሐት ለእግዚአብሔር!» ብለው ከመቀመጫቸው ዘለሉ፤ ሳያስቡት በሞተሩ ምት ትከሻቸው እንደ ማኅሌት ቀን ይወዛወዝ ጀመር። ማኅደረማርያም መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ አለቀሰችም ሳቀችም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ቆይተው ቱቦዋን ሲፈቱ የአመዱ መስቀል ጫፍ ጫፉ አለ፤ መሐሉ ግን ብርሃኑ ባለፈበት በኩል የምስር ፍሬ ታህል ክብ ሆኖ ኩልል ብሏል። ዶክተሩ አገላብጦ አየው፣ ለሌሎቹም አሳየ።

«ሞተሩ አይፈታም፤ ሥራሽም ይቀጥላል» አለ። «ግን አንድ ጊዜ ምስክር አይሆንም፤ ሃያ ጊዜ ይደገም። ለዚህ ደግሞ በየጊዜው እኩል አድርጎ የሚቀባ እጅ ያስፈልጋል።» ይህን ብሎ ወደ መምሬ ዞረ።

«እምነት የሕሙማን ነው፤ ለሙከራ አላወጣውም» አሉ መምሬ ኮስተር ብለው። ቀጥለው ግን ፈገግ አሉ። «ጥላሸት ከሆነ እጄ አለ።»

ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው የሚያገለግሉት ቄስ ገብረአብ ከአንኮበር ደወሉ።

«መምሬ፣ ምነው ቀሩ? በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው። እስከ ሐሙስ ተክተውኝ ይቀድሱልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ይዣለሁ።»

«ዩኒቨርሲቲ! የምን ሥራ?»

መምሬ ጥላሸት የጠገበ አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው በኩራት አዩት።

«መስታወት ማቆሸሽ።»