ደገፉ በሩን የዘጋበት ምክንያት

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ዝናቡ ገና እንዳባራ አስካለች ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ፣ ከአረካ በኩል በእግሯ መጥታ አባቷ ደጃፍ ላይ ቆመች። አባቷ ቶማ ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ ነው፤ የሰፈሩ ጸሎት ቤት ሽማግሌም ነበር። እናቷ ሽታዬ ቋጠሮውን ስታይ ደነገጠች። ያገባች ሴት ለጥየቃ ስትመጣ ልብሷን ሁሉ ይዛ አትመጣም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ደገፉ አባረረኝ።»

ደገፉ ባሏ ነው። ቡናና በርበሬ የሚያበቅል፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ጭምት ሰው ነው። በሠርጉ ቀን የጸለየላቸው ራሱ ቶማ ነበር። አስካለች የምታውቀውን ያህል ነገረቻቸው። ደገፉ መኝታውን ከለየ ወር አልፎታል። ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም። ለምን ስትለው ይቆጣል። ዛሬ ማለዳ ደግሞ ልብሷን ቋጥሮ ውጭ አስቀመጠና «ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ፤ ከእንግዲህ ባል አልሆንሽም» ብሎ በሩን ከውስጥ ዘጋው።

«መትቶሻል?» አለ ቶማ።

«አልመታኝም።»

«ሌላ ሴት አለች?»

«አላየሁም። አባባ፣ አላውቅም እኮ!» አለችና መንገዱን ሙሉ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው።

የቶማ ታናሽ ወንድም አንጁሎ ወሬውን ሰምቶ ሲመጣ ዱላውን ይዞ ነበር። «ምን እንጠብቃለን? ወንዶቹን ሰብስበን እንሂድ። የሰው ልጅ እንደ አሮጌ ቁና ውጭ ይጣላል?»

ቶማም ደሙ ፈልቷል። በጉብዝናው፣ ጌታን ከማመኑ በፊት፣ በድንበር ጠብ የሰው እጅ የሰበረ ሰው ነውና ቁጣው እንዴት እንደሚመጣ ያውቀዋል። ከሆዱ ተነሥቶ ወደ ክንዱ ይወርዳል። አሁን ክንዱ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ጸሎት ቤት ቆሞ፣ ሳይሰሙ መፍረድ ውርደቱ ለፈራጁ ነው ብሎ የሰሎሞንን ምክር ያስተማረው እሱ ነው። ያን ዕለት የተጣሉት ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ፤ ነገሩም የበሬ ነገር ነበር። ምክሩ ቀላል መስሎት ነበር።

«ደገፉን አልሰማነውም» አለ በመጨረሻ።

«የምን መስማት! ልጅህ እያለቀሰች ነው።»

«ልጄ የምታውቀውን ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ሳልሰማው ሄጄ ብመታው በምን አፌ ነው ከሰው ፊት ቆሜ የማስተምረው?»

«እንግዲያው አብሬህ ልሂድ።»

«አንተ ስትሄድ ዱላህ ቀድሞህ ይናገራል። እዚሁ ቆይ።»

በማግሥቱ ቶማ በቅሎውን ጭኖ ብቻውን ተነሣ። የመንገዱን ግማሽ ጸለየ፤ ግማሹን ደግሞ ደገፉን በልቡ ሲሰድብ ሄደ።

ደገፉን ያገኘው ከቤቱ ኋላ፣ እንሰቱ መሃል ነው። ደገፉ አማቱን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አባቴ፣ እዚያው ይሁኑ። አይቅረቡኝ።»

ለአማት እንዲህ ይባላል? ቶማ ጡጫውን ጨበጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈታውና ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ልጄን የሰማሁትን ያህል አንተንም ልሰማህ ነው የመጣሁት። እስክትናገር አልሄድም።»

ደገፉ መሬት መሬቱን ያያል። ቶማ ሁለቴ ሊነሣ ቃጣው፤ ሁለቴ ራሱን መለሰ። ጥላው ዞሮ ፀሐይ የቶማን ጀርባ ስታገኘው ደገፉ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ። ከክርኑ በላይ መዳፍ የምታህል፣ ከቀረው ቆዳው ነጣ ያለች ምልክት አለች።

«የአባቴን ወንድም እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው» አለ ደገፉ። «ቁምጥና ነበር። ጣቶቹ አለቁ። ሚስቱ ጥላው አልሄደችም፤ ኋላ እሷንም ያዛት። አስካለችን ብነግራት እሷም አትሄድም። አውቃታለሁ። ስለዚህ እንድትጠላኝ አደረግሁ።»

ቶማ አንጁሎንና ወንዶቹን አስከትሎ ቢመጣ ኖሮ በዚህች ሰዓት ምን ይደረግ እንደነበር አሰበና ፈራ። ቀጥሎ ሌላ ፍርሃት መጣበት። እውነት ይሆን እንዴ?

«ይህን ማን አየው?» አለ።

«ማን ያየዋል? እኔ ነኝ ያየሁት።»

«አንተ ካህን ነህ?»

ደገፉ ቀና አለ።

«በሙሴ ሕግ እንኳ በቆዳው ላይ ምልክት የወጣበት ሰው በራሱ ላይ አይፈርድም። ካህኑ ዘንድ ይወስዱታል። ካህኑም ካልለየለት ሰባት ቀን ያቆየውና እንደገና ያያል። አንተ ብቻህን አየህ፣ ብቻህን ፈረድክ፣ ልጄን ብቻህን አባረርክ። ሶዶ ክሊኒክ አለ፤ የሚያይ ሰው አለ።»

«ነው ቢሉኝስ? አገር ይሰማል።»

«ነው ካሉህ መድኃኒት ይሰጡሃል። እኔም አብሬህ እቆማለሁ።» ቶማ ተነሥቶ ሄደና በዚያችው ክንዱ ያዘው። ደገፉ ሊነጥቀው ሞከረ። ቶማ አልለቀቀውም። ማታ ቦይና የሚባለውን ጎደሬ ቀቅለው ከአንድ ሳህን በሉ፤ ደገፉ መጀመሪያ እጁን ወደ ሳህኑ ለመስደድ ብዙ ቆየ።

በማግሥቱ ሶዶ ገቡ። በክሊኒኩ የተቀበላቸው ሐብተማርያም የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፤ ከከተማው ኦርቶዶክስ ቤተሰብ የሆነ፣ ረጋ ያለ ሰው። ቶማ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው። «ይቺ ሰውዬ አማቼ ነው» አለ፤ «እጁ ታማለች። እባክህ በደንብ እያት።»

ሐብተማርያም ምልክቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አያት። ሥሩ አብጦ እንደሆነ ለማወቅ ክርኑን ከኋላ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ጥጥ በቀጭኑ ጠቅልሎ፣ «ዓይንህን ጨፍን። የነካሁህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» አለው። ቶማ በወላይትኛ ነገረው።

ጥጡ ነጣ ባለው ቆዳ መሃል አረፈ። የደገፉ ጣት ወዲያው ደረሰበት። ወደ ጠርዙ ሄደ። ደረሰበት። ሐብተማርያም ጥጡን እጅግ አቅልሎ፣ እንደ ዝንብ እግር አድርጎ አሳረፈው። ደገፉ ዓይኑን እንደጨፈነ ያንኑ ቦታ ነካ።

«ቋቁቻ ነው» አለ ሐብተማርያም ጥጡን እየጣለ።

«ምንድነው?»

«ቋቁቻ! ላብ የበዛበት ማንም ሰው ይይዘዋል። ቁምጥና ቢሆን የጥጡን መንካት አያውቀውም ነበር። ይህን ቅባት ይቀባ። ከሁለት ወር በኋላ ይምጣ፤ እንደገና አየዋለሁ።»

«እንደገና ያያል አላልኩህም?» አለ ቶማ በወላይትኛ፤ ሳቁ አመለጠው።

ደገፉ ግን አልሳቀም። «ቤቴ መግባት፣ ከሚስቴ ጋር መብላት እችላለሁ ወይ ይበሏቸው» አለ።

ቶማ እንደምንም ተረጎመው። ሐብተማርያም ደገፉን ትክ ብሎ አየና «ማን ከለከለህ ልጄ?» አለው። ደገፉ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቶማ አጠገቡ ተቀምጦ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች «ደህና ነው፤ ደህና ሆኖ ነው» ይላቸው ነበር።

ቶማ ቤት ሲደርሱ ደገፉ ምንም ሳይደብቅ ለአስካለች ራሱ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። አንጁሎ እንኳ ዱላውን ጥግ አስቀመጠ።

«ወር ሙሉ!» አለች አስካለች። «ወር ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ ስቃጠል! እኔ ብታመም ሳልነግርህ በር ብዘጋብህ ደስ ይልህ ነበር?»

«አጥፍቻለሁ።»

«አብሬህ እመለሳለሁ። ዛሬ ግን አይደለም። መጀመሪያ ቁጣዬን ልጨርስ።»

ቀድማ የሳቀችው ሽታዬ ናት። ቶማ እንደ ልማዱ ሊመክራቸው አፉን ከፈተ። ማንም እንዳልጠየቀው ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሰሌን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደና ከዋንዛው ጥላ ሥር ጋደም አለ። ከቤት ውስጥ የአስካለች ቁጣ ይሰማል፤ በመሃል በመሃል ደግሞ የደገፉ «እሺ፣ እሺ» ይመጣል። ይህን እየሰማ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እንቅልፍ ወሰደው።