ለቅሶ የመጣችው ሐኪም

ዶክተሯ ጥቁር ሻርፕ ደርባ በበሩ ብቅ ስትል አናጺው ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰዉ ለአክብሮት የተነሳ መስሎት ነበር። እሱ ግን ዓይኑ የጓዳውን በር ነበር የሚፈልገው።

«ወዴት ነው?» አለችው የሟች ወንድሙ ሚስት በሹክሹክታ። «ጋሼህን ያከመችው ናት፤ ቁጭ በል።»

ተቀመጠ።

ከጎኑ ያሉት ጎረቤት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ዓይን አውጣ! ባይነካኩት ኖሮ ዛሬም ሊፍቱን ይጠግን ነበር። ሽማግሌ ላይ ጥናት ምን ይሉታል?» አሉት።

አናጺውም፣ ወንድሙ ከተቀበረ ወዲህ ለራሱ ሲለው የሰነበተው ይህንኑ ነው። ባይነኩት ኖሮ። እሱንም ካልነኩት ይኖራል ማለት ነው።

ታላቅየው፣ ሰው ሁሉ ቁልቁል ለማየት በሚፈራው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚያፏጭ ሰው ነበር። የሁለቱም ወንድማማቾች ኩላሊት ደካማ ነው። ታላቅየው እየገረጣ ሲሄድ፣ ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ፣ ሁሉም «ኩላሊቱ ነው» አለ፤ እሱም አመነ። ኋላ ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያንን አንጀት የሚመረምር ጥናት ሲጀመር ቀድሞ ፈቃደኛ የሆነው እሱ ነው።

«ና አብረን እንግባ» አለው ታናሹን፣ በምርመራው ክፍል በር ላይ። «ስድሳ ዓመት የበላሁትን ያያሉ እንጂ ሌላ ምን ያገኛሉ?»

«እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ፣ ጋሼ።»

«ፈሪ ለእናቱ!» ብሎ እየሳቀ ገባ። አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ጉበቱ ድረስ ዘልቆ ነበር።

ዶክተሯ ሚስቲቱን አቅፋ እንደተቀመጠች ጎረቤቱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ምርመራው ነው የገደለው ይባላል።»

«አይደለም» አለች ዶክተሯ። «በሽታው ቀድሞ ገብቶ ነበር። ግርጣታቸውን ሁላችንም፣ እኛ ሐኪሞቹም፣ በኩላሊታቸው አመካኘን። ጥናቱን የጀመርነውም ለዚሁ ነው። እሳቸው ጋ ግን ዘግይተን ደረስን።»

አናጺው ሽንት ቤት ሰገራው ላይ ደም ማየት ከጀመረ ሰንብቷል። ባየ ቁጥር ቶሎ ውሃ ይለቅበታል፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ስትወጣ እስከ ግቢው በር ተከተላት።

«ዶክተር… ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ሁሉ እንደ ጋሼ ይሆናል?»

«ያየው ማነው?»

«እኔ።»

ትክ ብላ አየችው። «ሁሉም አይሆንም። ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል። ሳልመረምርዎ ግን ምንም አይደለም ልልዎ አልችልም።»

እንዲህ በግልጽ መናገሯ ይብሱን አስፈራው። ግን አመናት።

«ከነገ ወዲያ ጠዋት ይምጡ» አለችው። «ነገ ጠንካራ ምግብ እንዳይቀምሱ። አንጀት የሚያጥበውንም መድኃኒት ራስዎ እንዳይገዙ፤ ኩላሊት የሚጎዳ አለ። የሚስማማዎትን እኛ እንሰጥዎታለን።»

በማግስቱ ለለቅሶተኛው ምሳ ሲቀርብ አናጺው ሳህኑን በቀስታ ገፋ።

«ብላ እንጂ! ራስህን ብትጎዳ እሱ አይመለስም» አሉት ጎረቤቱ።

የወንድሙ ሚስት ግን ፊቱን አየችና ጎንበስ አለች። «ምን ሆነሃል?»

«አንጀቴን ሊያዩኝ ነው፣ እትዬ። እንዳትበላ ተብያለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ ጠዋት።»

ለቅጽበት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የራሷንም ሳህን ገፋ አድርጋ፣ ለሁለቱም ውሃ ቀዳች።